ድምፅ በየት በኩል ይፈስሳል? የአምባሰል ቅኝት፣ የክር ንዝረትና የኤሌክትሪክ ጊታር አስተካከል

(በሐይቅ ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን በቃል ከቀረበ የሕዝብ ገለጻ የተወሰደ፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ሊናገር መምጣቱ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ነገር ግን ስለ ክር ንዝረት ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ መካከል ሁለቱ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ፤ አንደኛውም የእናንተው አምባሰል ነው።

ለዚህ ገለጻ መነሻ የሆነኝ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣና፣ «ዶክተር፣ ጊታሬ ድምፅ አይይዝም። ክሩን ስመታው ወዲያው ይሞታል፤ አምባሰልን ስጫወትበት ደግሞ ቅኝቱ ይፈርስብኛል። ቤተሰቤ ትንሽ ይጨምሩልኝና ሸጬው የተሻለ ልግዛ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። የተማሪ ቤተሰብ «ትንሽ» ብሎ የሚጨምረው ገንዘብ ከምን ተቆርጦ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ መልሱን በጥንቃቄ መስጠት ነበረብኝ። መልሴ «አትሽጠው» የሚል ነበር። ምክንያቱን ነው ዛሬ የማብራራላችሁ።

ክር ጉልበትን አይወልድም

የማሲንቆ ተጫዋች ደጋኑን እስከሳበ ድረስ ክሩን ሳያቋርጥ ጉልበት ይመግበዋል። ክራርና ጊታር ግን እንዲህ አይደሉም። ክሩ አንድ ጊዜ ይመታል፤ ያችን የተሰጠችውን ጉልበት ይዞ ይንዘረዘራል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ማውጣት ብቻ ነው፣ ገቢ የለውም። ስለዚህ «የድምፅ ቆይታን መጨመር» የሚለው አነጋገር በጥብቅ ሲታይ ትክክል አይደለም። እኛ የምንችለው ብክነቱን መቀነስ ነው።

ከፊታችን ያለውን ሐይቅ ተመልከቱ። በግልጽ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ሆኖም ውሃው በትነት ይቀንሳል። ዓይን የማያየው መውጫም መውጫ ነው። የሚንዘረዘር ክርም እንዲሁ ነው፤ ጊታር የሚያስተካክል ሰው ሥራም ጉልበቱ በየት በኩል እንደሚያመልጥ መፈለግ ነው።

ክራር ለምን ቶሎ ዝም ይላል?

ቀጭን ክር ብቻውን አየርን እምብዛም አያንቀሳቅስም። ክራር የሚሰማን ክሩ ንዝረቱን በድልድዩ በኩል ለተወጠረው ቆዳ ስለሚያስረክብ ነው። ቆዳው ቀላልና ሰፊ በመሆኑ ጉልበቱን ፈጥኖ ይቀበላል፤ ፈጥኖም ወደ አየር ይበትነዋል። ውጤቱ ጎላ ያለ፣ ግን አጭር ድምፅ ነው። ይህ የክራር ጉድለት አይደለም፤ ያለ ኤሌክትሪክ ቤት ሙሉ ሰው እንዲሰማው የተከፈለ ዋጋ ነው። የተወሰነ ጉልበት በአንድ ጊዜ ብዙ ከወጣ ቶሎ ያልቃል፤ ጥቂት ጥቂት ከወጣ ይቆያል። ጉልህነትና ቆይታ ከአንድ ማሰሮ የሚቀዱ ናቸው።

የኤሌክትሪክ ጊታር ይህን ውል የለወጠው በፋራዳይ ግኝት ነው። ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ በሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚያልፍ የማግኔት መስክ ሲለዋወጥ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ፒክአፕ የምንለው በሽቦ የተጠቀለለ ማግኔት ነው፤ የብረት ክሩ ከበላዩ ሲንዘረዘር ምልክቱን ወደ አምፕሊፋየር ይልካል። የጊታሩ አካል ራሱ መጮኽ ስለማይጠበቅበት ከባድና ጠንካራ ሆኖ ጉልበቱን ለክሩ መተው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው፣ «መጥበሻ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው የሪከንባከር ጊታር አካሉ ከአሉሚኒየም የተቀረጸ ነበር። ሌስ ፖል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ በአንድ ወፍራም የጥድ አጣና ላይ ክርና ፒክአፕ ገጥሞ ሠርቷል።

በአገራችንም እንደ አይቤክስና ሮሃ ባንድ ባሉ ቡድኖች የተጫወቱት ሰላም ስዩም ቅኝቶቻችንን በዚህ መሣሪያ በማሰማት ይታወቃሉ። ሙላቱ አስታጥቄም በአሜሪካ በምርምር በቆዩበት ጊዜ ክራርን በማዘመን ሥራ ላይ ተሰማርተው ነበር። ክራርና ጊታር ሲነጋገሩ ቆይተዋል ማለት ነው።

አራቱ መፍሰሻዎች

የጊታር ክር ጉልበት በአራት መንገድ ያልቃል። የመጀመሪያው አየር ነው፤ እሱን ልንከለክለው አንችልም። ሁለተኛው በክሩ ውስጥ የሚፈጠር ሰበቃ ነው። የዛገ፣ ላብና አቧራ የጠጣ ክር ራሱን በራሱ ያፍናል። ሦስተኛው የክሩ ጫፎች ናቸው፤ በአንድ በኩል ብሪጁ፣ በሌላ በኩል ነቱ ወይም የተጫነው ፍሬት። ነት የምለው በአንገቱ ጫፍ ላይ፣ ክሮቹ ወደ መቃኛዎቹ ከማለፋቸው በፊት የሚያርፉባትን ጥርስ የወጣላትን ቁራጭ ነው። የላላ ብሎን፣ የተቦረቦረ ፍሬት ወይም ክሩን አጥብቆ የማይዝ ነት ጉልበት ያባክናል። አራተኛው ማግኔቱ ነው። ፒክአፑ ወደ ክሩ ከመጠን በላይ ሲቀርብ ክሩን ይስበዋል፤ ድምፁ ይወላገዳል፣ ቆይታውም ያጥራል።

ሁሉም ነገር ተስተካክሎ እንኳ በአንዳንድ ፍሬቶች ላይ ድምፁ ቶሎ ይሞታል። ጀርመናውያኑ ፍላይሸርና ፅቪከር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት ምክንያቱን በልኬት አሳይተዋል፤ የኖታው ድግግሞሽ አንገቱ በተፈጥሮው ከሚንዘረዘርበት ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም አንገቱ የክሩን ጉልበት ይወስድበታል። ይህ በውድ ጊታርም ላይ ይከሰታል።

አምባሰል የሚፈተንበት ቦታ

አሁን ወደ ተማሪያችን ሁለተኛ አቤቱታ ልምጣ፤ ቅኝቱ ለምን ይፈርስበታል? የአምባሰል አምስት ድምፆች በግማሽ ቶን ሲቆጠሩ ርቀታቸው 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ነው። ከኢ ብንነሳ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይሆናሉ። የአምባሰልን ጠባይ ከሚሰጡት ነገሮች ዋነኛዎቹ ሁለቱ ጠባብ እርምጃዎች ናቸው፤ ከኢ ወደ ኤፍ፣ ከቢ ወደ ሲ።

በጊታር ላይ እነዚህ እርምጃዎች የት ይገኛሉ? በ1ኛውና በ6ኛው ክር ኢ ባዶው ክር ነው፤ ኤፍ የመጀመሪያው ፍሬት ነው። በ2ኛው ክር ቢ ባዶው ክር ነው፤ ሲ የመጀመሪያው ፍሬት ነው። ስለዚህ የቅኝቱ ነፍስ በነቱና በመጀመሪያው ፍሬት መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ላይ ታርፋለች። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታር ላይ ይህች ቦታ 36 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ናት። 1ኛው ክር ባዶውን በሰከንድ 329.6 ጊዜ ይንዘረዘራል፤ ኤፍ ላይ ደግሞ 349.2 ጊዜ። የነቱ ቦይ ከፍ ብሎ ከተተወ ክሩን ወደ ፍሬቱ ለማውረድ ይበልጥ እንጫነዋለን፤ ክሩ ይወጠራል፣ ኤፍም ከቦታው ከፍ ይላል። ተማሪው መቃኛውን ቢያዞር ባዶው ክር ይበላሻል፤ ባያዞር ኤፍ ይበላሻል። ጥፋቱ የጆሮው አልነበረም።

የተገላቢጦሹም አደጋ አለ፤ እሱን ከራሴ ሕይወት ልንገራችሁ። በወጣትነቴ አንድ ጊታር ነበረኝ። ነቱ ከፍ ብሏል ብዬ በሞረድ መቦረሽ ጀመርኩ፤ ትንሽ ትንሽ እያልኩ አሳለፍኩት። ክሩ የመጀመሪያውን ፍሬት እየነካ ይንጫጫ ጀመር፤ ባዶው ክር ሲመታም ድምፁ ተቆርጦ ይቀር ነበር። እኔም «እንጨቱ ሞቷል» ብዬ በርካሽ ሸጥኩት። እንጨቱ ደህና ነበር። የሞተችው ከኪስ የምትገባ አንዲት ቁራጭ ነበረች፤ የገደልኳትም እኔ ነበርኩ።

በቅደም ተከተል መሥራት

አንዱን ሳያስተካክሉ ወደ ሌላው መዝለል ሥራውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ክሩን ይቀይሩ፤ ሊጫወቱበት ባሰቡት ውፍረትና ቅኝት ይወጥሩት። የሌላው ልኬት ሁሉ መሠረት የክሩ ውጥረት ነው።

ሁለተኛ፣ አንገቱን ይመልከቱ። ክሩን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ሲጫኑት በ7ኛው ፍሬት አካባቢ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ይኑር። በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ የሚዞረው በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር ሳይበልጥ ነው። እንጨት እርጥበት ስለሚጠጣ በበጋ የተስተካከለው በክረምት ሊለወጥ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ነቱን ይመርምሩ። ክሩን በ2ኛውና በ3ኛው ፍሬት መካከል ሲጫኑት ከመጀመሪያው ፍሬት በላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ይቅር። ከዚያ ከበለጠ ቦዩ ከፍ ብሏል። ጭራሽ ከሌለ ነቱ መቀየር አለበት። ሞረድ የሚያነሣ ሰው የእኔን ታሪክ ያስታውስ።

አራተኛ፣ ብሪጁ ላይ የክሩን ከፍታ ያስተካክሉ። በ12ኛው ፍሬት ላይ ለቀጭኑ ክር 1.6፣ ለወፍራሙ 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ክሩ ፍሬት እየነካ የሚንጫጫ ከሆነ ከፍ ያድርጉት፤ እያንዳንዱ ንክኪ ጉልበት ይበላል።

አምስተኛ፣ ርዝመቱን ያስተካክሉ። በ12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን በጣት ብቻ ነክቶ የሚገኘው ድምፅና ተጭኖ የሚገኘው ድምፅ እኩል መሆን አለባቸው። ተጭኖ የተገኘው ከፍ ካለ የብሪጁን መቀመጫ ወደ ኋላ ይግፉ፤ ዝቅ ካለ ወደ ፊት።

በመጨረሻ ፒክአፑን ዝቅ ያድርጉ። ክሩን በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው በቀጭኑ በኩል 2፣ በወፍራሙ በኩል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይተዉ። ከዚያ ጆሮዎን ይመኑ።

ማስተካከል የማይደርስበት

የጊታር ፍሬቶች አሥራ ሁለቱን ግማሽ ቶኖች እኩል አድርገው ያስቀምጣሉ። የክራር ተጫዋች ግን እያንዳንዱን ክር በጆሮው ይቃኛል፤ የማሲንቆ ተጫዋችም ጣቱን በወደደበት ያሳርፋል። ስለዚህ ፍጹም የተስተካከለ ጊታር እንኳ የባላገሩን አምባሰል በሙሉ አይይዝም፤ ቀሪውን ክሩን በመግፋትና በማንቀጥቀጥ የሚሞላው ተጫዋቹ ነው። መንጫጫት ሁሉም ቦታ ስህተት እንዳልሆነም አንርሳ። በበገና ላይ በክሩና በድልድዩ መካከል የሚገባው እንዚራ የሚባለው ቆዳ ያንን የሚርገበገብ ድምፅ ሆን ብሎ ያመጣል። በአንዱ መሣሪያ ብክነት የምንለው በሌላው ጥበብ ነው።

ተማሪያችንስ? አንድ ከሰዓት በኋላ አብረን ተቀመጥን። የነቱ ቦይ ከፍ ብሎ፣ ፒክአፑም ከክሩ ጋር ሊነካካ ትንሽ ቀርቶት አገኘነው። ወጪው የአንድ ሙሉ ክር ዋጋ ብቻ ሆነ። ከዚያ ባዶውን ኢ መታና ዝም ብሎ አዳመጠ፤ ቀጥሎ ኤፍን። ጊታሩ አሁንም ከእርሱ ጋር ነው።



ከተሳታፊዎች የቀረበ ጥያቄ፦ «በክራር ላይ የጊታር ፒክአፕ ቢገጠም ድምፁ ይቆያል?»

መልስ፦ ክሩ ናይለን ከሆነ የጊታር ፒክአፕ አይሰማውም፤ ማግኔት የሚያውቀው ብረትን ነው። በቆዳው ላይ የሚለጠፍ የንክኪ ፒክአፕ ግን ድምፁን ያጎላዋል፤ ክሩ ግን እንደ ቀድሞው ቶሎ ይደክማል። ቆይታውን በእርግጥ ለማርዘም ቆዳውን አንሥቶ በጠንካራ ሰሌዳ መተካት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ድምፁ ይቆያል፤ የሚቆየው ድምፅ ግን የክራር መሆኑን እናንተው ፍረዱ።