ምዕራፍ አራት፦ ያልመጣችው እናት

አንዲት የጤና ተማሪ ለትምህርቷ ማሟያ ጥናት ወደ ገጠር ወረደች እንበል። ጥያቄዋ «የዚህ ቀበሌ እናቶች ለምን ቤታቸው ይወልዳሉ?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ቀን በጤና ኬላው ዋለች። መዝገቡን ገልጣ ለእርግዝና ክትትል የመጡትን፣ ወደ ጤና ጣቢያ የተላኩትን፣ በዚያም የተገላገሉትን አንድ በአንድ ቆጠረች። ማታ ደብተሯን ስታየው ሠንጠረዡ ሞልቷል። ጥናቱ ግን ገና አልተጀመረም። መዝገቡ የያዘው የመጡትን ነው፤ እሷ የጠየቀችው ስላልመጡት ነበር።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያች ያልመጣች እናት ነው። ብዙ ተማሪዎች በአንድ የትምህርት ዘመን ሁለት ሥራ ይሰጣቸዋል፤ አንደኛው የገጠር ጤናን ማጥናት፣ ሁለተኛው አድማጭን የሚያሳምን ንግግር አዘጋጅቶ ማቅረብ። ሁለቱን የሚያስተምሩት የተለያዩ መምህራን ስለሆኑ የማይተዋወቁ ትምህርቶች ይመስላሉ። እኔ ግን አንድ ሥራ ናቸው ብዬ አምናለሁ። «ለምን አልመጣችም?» ለሚለው እውነተኛውን መልስ ያገኘ ሰው፣ «ምን ብንላት፣ ምንስ ብናደርግላት ትመጣለች?» ለሚለውም ግማሹን መልስ ይዟል። ጥናቱን ያበላሸ ደግሞ አንደበቱ ማር ቢሆን እንኳ የሚናገረው ለሌላ ሰው ነው።

መዝገቡ የማያውቀው

ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ወደ መንደር መላክ በአገራችን ከጤና ትምህርት ጋር አብሮ ያደገ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕይወት ቀጠፈ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። በዚያ የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው በአንድ ቡድን ተሰልፈው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየወጡ ይማሩ ነበር። ወባን ሊያጠና የወጣ ሰው ከታማሚው ደም በተጨማሪ ረግረጉን፣ ቤቱን፣ የእርሻውን ወራት ማየት እንደሚኖርበት የገባቸው ሰዎች የዘረጉት ሥርዓት ነው።

የገጠሩ ጤና አገልግሎት ዛሬ የቆመው በጤና ኬላው ላይ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው፣ አምስት ሺህ ለሚሆን ሕዝብ፣ በአብዛኛው ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ ሁለት ሴት ባለሙያዎችን መደበ። ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። ከኬላው በላይ ጤና ጣቢያው፣ ከዚያ በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ አለ። ተማሪዋ ይህን መሰላል ማወቅ ይኖርባታል፤ ምክንያቱም እናት የምትጠፋው ብዙውን ጊዜ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ስትሸጋገር ነው።

ያልመጡትን ለማግኘት አንዱ መንገድ ቤት ለቤት የሚደረግ ዳሰሳ ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሚባለው ትልቁ ዳሰሳ የሚሠራው እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. የ2011ዱ ጥናት እንዳገኘው በጤና ተቋም የተካሄደው ወሊድ 10 በመቶ ብቻ ነበር። ያልሄዱት ለምን እንዳልሄዱ ሲጠየቁ 61 በመቶዎቹ «አያስፈልግም» አሉ፤ 30 በመቶዎቹ «ልማዳችን አይደለም» አሉ።

ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩን አይቶ «ምክንያቱ የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ ነው» ብሎ ይጽፋል። ይህ ሐረግ በየጥናቱ መደምደሚያ ላይ ስላለ ማንም አይጠይቀውም። ነገር ግን በሩን ገና ሳንገባ ይዘጋብናል። «አያስፈልግም» ያለችው እናት ምን ማለቷ ነው? ምጥ በሽታ አይደለም ማለቷ ሊሆን ይችላል። እናቷ ስምንት ልጅ በዚያው ጎጆ በሰላም ወልዳለች ማለቷ ሊሆን ይችላል። ቤቷ ብትሆን ጎረቤቶቿ ወገቧን ደግፈው «ማርያም ማርያም» ይሉላታል፤ ስትገላገል እልልታው ይቀልጣል፤ ገንፎው ይገነፋል፤ ቡናው ይፈላል። ተቋሙ ውስጥ ግን በማታውቀው ወንድ ፊት ተራቁታ፣ ዘመዶቿ ከበር ቀርተው፣ ለብቻዋ በብረት አልጋ ላይ ትተኛለች። እነዚህ ሁሉ ምክንያቶች ናቸው፤ ያውም የተመዘኑ ምክንያቶች። ይህን የተረዱ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ማስገንፋት፣ ቡና ማፍላት፣ ቀኗ የቀረበ ነፍሰ ጡር የምታርፍበት የእናቶች ማቆያ መሥራት ጀመሩ። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ማቆያውን የከፈተው ገና ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።

ቁጥሩም ተለወጠ። በተቋም የሚካሄደው ወሊድ እ.ኤ.አ. በ2016 26 በመቶ፣ በ2019 48 በመቶ ደረሰ። ሆኖም አማካይ ቁጥር ብዙ ይሸፍናል፤ በ2016 በከተማ 79 በመቶ የነበረው በገጠር 20 በመቶ ብቻ ነበር። ሌላም ጥንቃቄ አለ። በእነዚያ ዓመታት አምቡላንስ ለየወረዳው ተሰጥቷል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ዞረዋል፣ መንገድ ተሠርቷል። «ከዚህ በኋላ ሆነ» ማለት «በዚህ ምክንያት ሆነ» ማለት አይደለምና፣ ለውጡን ሁሉ ለአንዱ መስጠት ተማሪን ያስገምታል።

መጠየቅ እንዴት ነው?

ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ፣ ከቀበሌው ፈቃድ ትይዛላችሁ። ይህ ግን ቀበሌውን ያስገባችኋል እንጂ ቤቱን አያስገባችሁም። በአጨዳ ወቅት፣ በገበያ ቀን፣ እናት ምጣድ ላይ ሳለች አትሂዱ። ስትገቡ «እማማ» ወይም «እናቴ» ብላችሁ፣ ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን እንደመጣችሁ፣ የሚነግሯችሁ ነገር ስማቸው ሳይጠቀስ እንደሚጻፍ፣ መመለስ ካልፈለጉ እንደማይገደዱ ንገሩ። የባልና የአማት ጆሮ ባለበት የሚሰጥ መልስ ለባልና ለአማት የሚሰጥ መልስ መሆኑንም አትርሱ።

«ለምን ጤና ጣቢያ አልሄዱም?» የሚለው ጥያቄ የክስ ቃና አለው፤ የተከሰሰ ሰው ደግሞ ራሱን ይከላከላል። ይልቅስ «የመጨረሻ ልጅዎን የተገላገሉበትን ቀን ምጡ ከጀመረዎት ሰዓት አንሥተው ያጫውቱኝ» በሉ። ያኔ ማን እንደተጠራ፣ ማን «እንጠብቅ» እንዳለ፣ ቃሬዛው ከየት እንደመጣ፣ ወንዙ ሞልቶ እንደነበር፣ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ማን እንደተቀበላቸው በራሱ ቅደም ተከተል ይመጣል።

ሦስት መዘግየት፣ ሦስት አድማጭ

ሴሪን ታዴየስ እና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ እናትን ለሞት የሚዳርገውን መዘግየት በሦስት ከፈሉት። አንደኛው ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት ነው። ሁለተኛው ከተወሰነ በኋላ ተቋሙ ለመድረስ መዘግየት ነው። ሦስተኛው ተቋሙ ከተደረሰ በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ስለሚችል እያንዳንዷ ደቂቃ ትቆጠራለች።

የጤና ሰዎች ይህን ክፍፍል ለጥናት ይጠቀሙበታል። ለንግግርም የሚያህለው አላየሁም፤ ምክንያቱም ለማን መናገር እንዳለብን ይነግረናል። መዘግየቱ ከቤት ከሆነ አድማጫችሁ ባልየው፣ አማቲቱ፣ የንስሐ አባቱ ወይም ሼኩ፣ የልምድ አዋላጇ ናቸው፤ ውሳኔው ብዙ ጊዜ በነፍሰ ጡሯ እጅ ብቻ አይደለምና። መዘግየቱ ከመንገድ ከሆነ አድማጫችሁ እድሩ፣ ቀበሌው፣ ወረዳው ነው። መዘግየቱ ከተቋሙ ከሆነ አድማጫችሁ ራሳቸው የጤና ባለሙያዎቹና ኃላፊዎቻቸው ናቸው። ድልድይ ለሌላት እናት ስለ ጤና ጣቢያ ጥቅም ማስተማር ልቧን ማቁሰል ነው። ደርሳ መድኃኒት ያጣችውን «ለምን ቶሎ አልመጣሽም?» ማለትም እንዲሁ።

የሚያሳምነው ምንድን ነው?

አርስቶትል የንግግርን ማሳመኛ በሦስት ለይቶታል፤ ሎጎስ ማስረጃና አመክንዮ ነው፣ ፓቶስ የአድማጩን ስሜት መንካት ነው፣ ኤቶስ የተናጋሪው ጠባይና ተዓማኒነት ነው። ከሦስቱ ኃይለኛው ኤቶስ ሳይሆን አይቀርም የሚል ሐሳብም ነበረው። ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በበልሃ ልበልሃ ሙግት ሕዝብ ከብቦ የሚያደምጠው የነገሩን እውነት፣ የአንደበቱን ለዛና የሰውየውን ክብር አንድ ላይ እየመዘነ ነበር። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የሚባለውም ለዚህ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አስቧት። ሥልጠና ወስዳ ስትመለስ መንደሩ ያውቃታል፤ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ራሷ የት እንደወለደች ያውቃል። ኤቶሷ ይህ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ወደ ጎረቤትም አስፋፋው፤ ቤተሰቦች የ96 ሰዓት ሥልጠና ወስደው ሞዴል ቤተሰብ ተብለው እንዲመረቁ አደረገ። ከሩቅ ከመጣ ፖስተር ይልቅ አጥር የሚጋራው ሰው የቆፈረው መጸዳጃ ይሰብካል። ነገር በምሳሌ ማለት እንዲህ ነው።

አሁን ሁለት ንግግር እናወዳድር። አድማጩ በእሑድ ስብሰባ የተቀመጠ የገጠር እድር ነው። የመጀመሪያው ተማሪ ተነሥቶ «የእናቶችን ሞት ለመቀነስ የኅብረተሰቡ ተሳትፎ ወሳኝ ነው» ይላል። ማንም አይቃወመውም፤ ማንም ደግሞ አይነሣም። ሁለተኛዋ እንዲህ ትላለች፦

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፤ ባለፈው ሳምንት ከስድስት እናቶች ጋር ተጫውቻለሁ። አራቱ ለመሄድ ወስነው ነበር፤ ያስቀራቸው ተሸካሚ ማጣት ነው። ይህ እድር ሰው ሲሞት በሌሊትም ቢሆን ይነሣል። ለቀብር የሚወጣው ትከሻ ለምጥም ይውጣ። በየጎጡ ስምንት ስምንት ጎልማሳ በተራ ይመደብ፤ ቃሬዛውም የማያድር ሰው ቤት አይቀመጥ።»

እዚህ ንግግር ውስጥ ሦስቱም አሉ። ከስድስት አራት የሚለው ማስረጃ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ግን የዚያው መንደር ነው። ትከሻው ልብ ይነካል፤ እድርተኛው የሚኮራበትን የራሱን ደግነት ያስታውሰዋልና። ተዓማኒነቷ ደግሞ ቤት ለቤት ዞራ መስማቷ ነው። ከሁሉ በላይ የጠየቀችው ነገር በአድማጩ አቅም ውስጥ ያለ፣ ዛሬውኑ ሊወሰን የሚችል ነው።

ማሳመንንና ማስፈራራትን አንቀላቅል። «ቤትሽ ከወለድሽ ትሞቻለሽ» ማለት ሐሰት ነው፤ በቤታቸው በሰላም የተገላገሉ ጎረቤቶቿ በዓይኗ ፊት አሉና። በዚያች ቃል የተናጋሪው እምነት ይፈርሳል፤ በኋላ እውነት ቢናገርም የሚሰማው የለም። እውነቱ «ማን እንደሚደማ ቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ሐኪም ካለበት ይቅረብ» የሚለው ነው። ይህ አያስጮኽም፣ ግን ይቆማል። የአንዲትን እናት ታሪክ ስትናገሩም ፈቃዷን ጠይቁ፣ ስሟንና መንደሯን ሰውሩ። ችግሯ የእናንተ ንግግር ማድመቂያ ጌጥ አይደለም።

መልመጃ

በአካባቢያችሁ የጤና አገልግሎት እያለ የማይጠቀሙበትን ሰዎች ምረጡ፤ ክትባት ያቋረጡ፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የተዉ፣ የደም ግፊታቸውን የማያስለኩ ሊሆኑ ይችላሉ። አምስት ሰዎችን አነጋግሩ። የእያንዳንዱን መልስ ከሦስቱ መዘግየቶች በየትኛው እንደሚወድቅ ጻፉ። ከዚያ ብዙው ለወደቀበት መዘግየት አድማጩን ለዩና የአምስት ደቂቃ ንግግር አዘጋጁ።

ንግግሩን ለመምህር ከማቅረባችሁ በፊት ግን አንድ እርምጃ ቀርቷል፤ ያነጋገሯችሁ ሰዎች ዘንድ ተመለሱና አንብቡላቸው። መጀመሪያ ላይ ያነሣናት ተማሪም እንዲህ አደረገች እንበል። ረቂቋን ይዛ ወደ አንዲቱ እናት ደጅ ሄደች፤ «አንዳንድ እናቶች ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አልፈለጉም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ እናትየዋ እጇን ያዘቻት።

«ልጄ፣ አልፈለግሁም አላልኩም። ወንዙ ሞልቶ ነበር ነው ያልኩሽ።»

ተማሪዋ እስክሪብቶዋን አወጣች። ዓረፍተ ነገሩን ሰርዛ፣ ከሱ ጋር ለእናቶቹ ያዘጋጀችውን ንግግር ሁሉ ተወችው። አዲሱን ለወረዳው መጻፍ ጀመረች።