የተፈላ ወተት ለምን አይረጋም?

በዛሬው የሳይንስ አምዳችን ስለ እርጎ እናወራለን። «እርጎን ማን የማያውቅ አለ?» እንዳትሉ። እኔም እንደዛ ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤታችን መጥተው «ወተት ሳይፈላ አትጠጡ፤ ከላም ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ አለ» ብለው አስተማሩን። በእኛ ቤት ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ወተት ይጠራቀማል። እኔም አያቴን «እማማ፣ የዛሬውን አፍልተን እናርጋው» አልኳቸው። «ልጄ፣ የተፈላ ወተት አይረጋም» አሉኝ። አልሰማሁም። 2 ሊትር አፈላንና በማሰሮ ከደንነው። በሦስተኛው ቀን ስንከፍተው አልረጋም፤ ይሸታል፣ ሲቀመስም ይመራል። ለታናሽ ወንድሜ የታሰበው ወተት ተደፋ። አያቴ አልተቆጡኝም። ዝም ማለታቸው ግን ባሰብኝ።

በማግስቱ የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኳቸው። «አያትሽም የጤና ሠራተኛዋም ልክ ናቸው» አሉኝ። እንዴት ሁለቱም ልክ ይሆናሉ?

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። «እርጎ» ማለት የረጋ ወተት ማለት ነው። ወተቱን የሚያረጉት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ባክቴሪያ ሁሉ ጎጂ አይደለም። እነዚህኞቹ ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር ይመገቡና ላክቲክ አሲድ ያወጣሉ። እርጎን የሚያኮመጥጠው ይሄ አሲድ ነው። ወተቱ ሲኮመጥጥ ደግሞ ኬዚን የተባለው ፕሮቲን እርስ በርሱ ይያያዝና ይረጋል። ወተት ላይ ሎሚ ብትጨምቁ ወዲያው ሲቋጠር ታያላችሁ። ሎሚ በአንዴ የሚያደርገውን ባክቴሪያዎቹ ቀስ ብለው ስለሚያደርጉት እርጎው ለስላሳ ይሆናል።

ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ወተት የሚኮመጥጠው በእነዚህ ጥቃቅን ሕያዋን ምክንያት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1857 ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1905 ደግሞ ስታመን ግሪጎሮቭ የተባለ ቡልጋሪያዊ ከአገሩ እርጎ ውስጥ አንዱን ባክቴሪያ ለይቶ አገኘ። አያቶቻችን ግን ስሙን ሳያውቁ ሥራውን ያውቁ ነበር።

አያቴ ቅሉን በግራዋ ያጥቡና በወይራ ያጥኑታል። ጭሱ ጥሩ ሽታ ይሰጣል፤ ጀርምም ይቀንሳል። ጥሬው ወተት እዚያ ውስጥ ሲቀመጥ ከወተቱም ከዕቃውም ባሉት ባክቴሪያዎች በ2 ወይም በ3 ቀን ራሱ ይረጋል። በሐምሌ ብርድ ይዘገያል፣ በመጋቢት ሙቀት ይፈጥናል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ላሟ ከታመመች ጥሬው ወተት ብሩሴሎሲስ ወይም ቲቢ ሊያስተላልፍ ይችላል። ጭሱም ሆነ መኮምጠጡ እነዚህን ለማጥፋት አይበቃም። ማፍላት ግን ይገድላቸዋል። ነገር ግን እሳት ክፉና ደጉን አይለይም፤ የሚያረጉትንም አብሮ ይገድላል። ስለዚህ የተፈላ ወተት ታርሶ እንዳልተዘራ ማሳ ነው። ዘር ካልዘራንበት አረም ይበቅልበታል። የኛን ወተት ያበላሸው ይሄው «አረም» ነው።

ዘሩስ ምንድን ነው? አንድ ሁለት ማንኪያ እርጎ! አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. 1 ሊትር ወተት በንጹሕ ድስት ይፈላ። ገንፍሎ እንዳያቃጥላችሁ ትልቅ ሰው ያፍላላችሁ።

2. ከድኖ ማብረድ። ድስቱን ከውጭ በመዳፍ ስትነኩት ሞቅ ካለ፣ ካላቃጠለ ደርሷል። ትኩስ ላይ ከጨመራችሁ ዘሩ ይሞታል።

3. 2 የሾርባ ማንኪያ እርጎ ጨምሮ ቀስ አድርጎ ማማሰል። ልብ በሉ! ይሄ እርጎ ራሱ ከተፈላ ወተት የተሠራ መሆን አለበት። ከጥሬ ወተት እርጎ ከጨመራችሁ የሸሸነውን በሽታ መልሰን አስገባን ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱቅ የታሸገ እርጎ መግዛት ይቻላል። ስኳርና ጣዕም የሌለበት ይሁን።

4. ከድኖ፣ በጋቢ ጠቅልሎ ሞቃት ቦታ ማስቀመጥ። ማታ ከተደረገ ብዙ ጊዜ ጠዋት ይረጋል። ብርድ ከሆነ እስከ ማታ ጠብቁ። ሳይረጋ አታነቃንቁት።

5. ከመብላታችሁ በፊት 2 ማንኪያ በንጹሕ ዕቃ ለሚቀጥለው አስቀሩ። ዘሩን የበላ ገበሬ ምን ይዘራል?

እኔም ድጋሚ ሞከርኩ። አሁን ግን የተፈላውን ወተት በሁለት ኩባያ ከፍዬ፣ አንዱ ላይ ብቻ እርጎ ጨመርኩበት። ጠዋት ያኛው እንዳለ ወተት ነው፤ ይሄኛው ግን ኩባያውን ሳዘነብለው አልፈሰሰም! ሮጬ ለአያቴ አሳየኋቸው። ቀምሰው «ኧረ ረጋልሽ! ግን ጭሱ የታለ?» አሉ።

አሁን በቤታችን ለተፈላ ወተት ብቻ የሚሆን አዲስ ማሰሮ አለ። አያቴ በወይራ ያጥኑታል፣ እናቴ ወተቱን ታፈላለች፣ እኔ ደግሞ 2 ማንኪያዋን እጠብቃለሁ። ታናሽ ወንድሜማ መብላት ብቻ ነው ሥራው።

እናንተም በሁለት ኩባያ ሞክሩና ያያችሁትን ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡን። እስከሚቀጥለው ዕትም ደህና ሁኑ!