ተማሪዎችን ወደ መታሰቢያ ሙዚየም ለመውሰድ የሚደረግ ዝግጅት

ትምህርት ቤቶች ለጉብኝት ሲዘጋጁ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስባቸው የመኪናው፣ የስንቁና የወላጅ ፈቃዱ ጉዳይ ነው። የሚጎበኘው የመታሰቢያ ሙዚየም በሚሆንበት ጊዜ ግን ይህ ሁሉ የዝግጅቱ ቀላሉ ክፍል ነው። በአዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ለአብነት መውሰድ ይቻላል።

በሙዚየሙ ከሚታዩት መካከል የሟቾች ፎቶግራፎች፣ ከጅምላ መቃብር የወጣ አፅም፣ ልብስና የግል ዕቃ ይገኙበታል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ወጣቶች ስለነበሩ ተማሪው በራሱ ዕድሜ ከነበረ ሰው ምስል ፊት ይቆማል። ስለሆነም መምህሩ አስቀድሞ ብቻውን ሄዶ ክፍሎቹን በተራ ማየት፣ አፅሙ ወዳለበት ለመግባት የማይፈልግ ተማሪም ከማን ጋር የት እንደሚቆይ መወሰን ይገባዋል። እንዲህ ያለውን ተማሪ ፈሪ ማለት ነውር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የቤተሰብ ጉዳይ ነው። አያቱ የተገደሉበት ልጅና አያቱ በቀበሌ የአብዮት ጥበቃ አባል የነበሩ ልጅ በአንድ ዴስክ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ምናልባትም ሁለቱም ይህን አያውቁም፤ በብዙ ቤት ስለዚያ ዘመን አይነገርምና። ከዚህ የተነሣ «ዘመድ የሞተበት ማን ነው?» ብሎ በክፍል ፊት መጠየቅ ፈጽሞ አይገባም። ይልቁንም ስለሚታየው ነገር በግልጽ የሚገልጽ ደብዳቤ ለወላጆች አስቀድሞ መላክ፣ ለብቻው መነጋገር ለሚሻ ወላጅም ጊዜ መስጠት ይሻላል።

አደባባዩ ራሱ የትምህርቱ አካል ነው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ሊቀ መንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ደም የሚመስል ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሰብረው የዛቱት በዚያን ጊዜ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረው በዚሁ ሥፍራ ነው። ተማሪዎቹ ወደ ሙዚየሙ ከመግባታቸው በፊት እዚያ ቆመው ይህን ቢሰሙ መልካም ነው።

መምህሩ አንድ ጥያቄ ይጠብቀው፦ በ1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት መንግሥቱን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ሲላቸው፣ ገዳይና ሟች የአንድ አገር ልጆች ሆነው ሳለ «ዘር» እንዴት ተባለ? መልሱ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የፖለቲካ ቡድንን ለማጥፋት የሚፈጸም ግድያንም በዚሁ ወንጀል ውስጥ ማካተቱ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ግን የፖለቲካ ቡድንን አይጨምርም። የሕጉን አንቀጽ ከጉብኝቱ በኋላ በክፍል ማንበብ ይቻላል። በዚያው ዕለት ግን ድርሰት ማስጻፍ አይመከርም፤ ተማሪዎቹ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደሩበት።