ለፋሲካ የሚሸጠው ጠቦት የመንጋው ዘርም ነው

በፋሲካ ዋዜማ ከፒያሳ መዘጋጃ ቤት ተነስቶ ቁልቁል ወደ ለገሃር ባቡር ጣቢያ በሚወርደው ቸርችል ጎዳና ላይ በግ ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው። አንዱ በገመድ ይሳባል፣ ሌላው በሰው ትከሻ ላይ ነው፣ ሌላው በመኪና ተጭኖ ይሄዳል። በዚህ የአዲስ አበባ እምብርት በግ የሚያረባ የለም፤ በጎቹ ከሾላ፣ ከቄራ፣ ከአቃቂና ከሌሎች የቁም እንስሳት ገበያዎች ተገዝተው ወደ የቤቱ የሚወሰዱ ናቸው።

ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ፣ 55 ቀናት ጾሞ የከረመ ቤተሰብ ለበዓሉ ጥሩ በግ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ገዢው ወገቡን ይጨብጣል፣ ላቱን ይመዝናል፣ ጥርሱን ያያል። ፈጥኖ ያደገውን፣ ሰውነቱ የሞላውንና ያማረውን መርጦ ይወስዳል። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ገጠር ወርዶ የሚጠይቀው ያንኑ ነው። አርሶ አደሩ ጋጣ ውስጥ የሚቀረው ታዲያ የትኛው ነው? በየዓመቱ ምርጡ ተሸጦ ቀጫጫው ለዘር የሚቀር ከሆነ ከአምስትና ከአስር ዓመት በኋላ መንጋው ምን ይመስላል? ጥያቄው የአንድ በዓል ገበያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጥቂት በጎች ለሚተዳደር ቤተሰብ የነገ ኑሮ ጉዳይ ነው።

የመጋቢት ውሎ

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ከምትገኘው ደብረ ብርሃን አልፎ፣ ጣርማ በርን ተሻግሮ ወደ መንዝ የሚዘልቅ ሰው በጥቂት በጎች የሚኖር ብዙ ቤተሰብ ያገኛል። አካባቢው ደጋና ውርጫማ ነው። ገብስና ባቄላ ይበቅላል፤ ነገር ግን የበልግ ዝናብ ሲዘገይ ወይም ውርጭ ሰብሉን ሲመታ ቤቱን የሚያቆየው በግ ነው። ማዳበሪያ ሲገዛ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሰው ሲታመም በግ ይሸጣል። ጸጉሩም በርኖስ፣ ባናና ዝተት ይሆናል።

የመንዝ በግ ሰውነቱ አነስተኛ፣ ጸጉሩ ሸካራ፣ ላቱ አጭርና ስብ ያለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወልደው አንድ ግልገል ነው። ብርዱንና የመኖ እጥረቱን ችሎ መኖሩ ግን ከውጭ የመጡ ትላልቅ ዝርያዎች በቀላሉ የማይተኩት ባሕርይው ነው።

ወርኃ መጋቢት ለእንዲህ ያለ መንጋ ከባድ ወቅት ነው። የበጋው ፀሐይ ግጦሹን አድርቆታል፣ የበልጉ ሣር ገና አልደረሰም፣ ክምሩም እየሳሳ ነው። በጥቅምት የተጠቁ እናት በጎች የሚወልዱትም በዚሁ ወር ነው፤ የበግ እርግዝና አምስት ወር ያህል ይፈጃልና። እናቲቱ ለራሷም ለግልገሏም መኖ የምትፈልገው መኖ በሚያንስበት ጊዜ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ቀኑ የሚጀምረው ጋጣውን በማየት ነው። ሌሊት የወለደች ካለች ግልገሉ እንዲደርቅ ይደረጋል፣ እትብቱ አዮዲን ይቀባል፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር መጥባቱ ይረጋገጣል። እንገሩን በጊዜ ያልጠባ ግልገል በሽታ የመቋቋም አቅሙ ደካማ ስለሚሆን የመሞት ዕድሉ ከፍ ይላል። ወላዷ ከመንጋው ተለይታ አንድ ሁለት ቀን ቤት ብትውል ግልገሏን በደንብ ትለምዳለች፤ ግልገሉም ከብርድና ከቀበሮ ይጠበቃል።

የቀሩት በጎች ጤዛው ሳይረግፍ ባይወጡ ይመረጣል። የጥገኛ ትል እጮች በእርጥብ ሣር ላይ ስለሚገኙ ፀሐይ እስኪሞቅ መጠበቅ ጉዳቱን ይቀንሳል። ረግረጋማ ቦታም የጉበት ትል ስለሚያስይዝ እረኛው ቢያርቃቸው መልካም ነው። ቀትር ላይ ውኃ፣ ማታ ሲመለሱ ደግሞ ድርቆሽ ወይም የባቄላ ገለባ ይጠብቃቸዋል። የጠላ አተላ፣ ፉርሽካ ወይም ፋጉሎ ካለ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእርጉዞችና ለሚያጠቡት ነው። ጥቂት ጨው መጨመርም ይጠቅማል። በጓሮ ትሪ ሉሰርን የተባለውን የመኖ ዛፍ የተከለ አርሶ አደር በዚህ ወቅት እርጥብ ቅጠል ያገኛል።

የበልጉ ዝናብ ጥሎ ለምለም ሣር ሲበቅልም ጥንቃቄ ያሻል። ደረቅ ገለባ ሲበላ የከረመ በግ በአንድ ጊዜ ለምለም ሣር ላይ ቢለቀቅ ሆዱ ይነፋል ወይም ያስቀምጠዋል። ጠዋት ትንሽ ድርቆሽ አብልቶ፣ የግጦሹን ሰዓት ቀስ በቀስ ማስረዘም ይሻላል።

የሚሄደውና የሚቀረው

በመስከረም የተወለደ ጠቦት መጋቢት ላይ ስድስት ወር ይሞላዋል። ከእኩዮቹ ፈጥኖ ማደጉ በግልጽ የሚለየውም፣ ነጋዴ ለፋሲካ የሚጠይቀውም በዚሁ ዕድሜ ነው። መኖው አልቋል፣ የዘርና የማዳበሪያ ወጪ ደርሷል፣ ዋጋውም ጥሩ ነው። አርሶ አደሩ ጠቦቱን ቢሸጥ ተሳሳተ ሊባል አይችልም። ችግሩ የሁሉም ቤት ውሳኔ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

እናት በግ በዓመት የምትሰጠው አንድ ወይም ሁለት ግልገል ነው። አንድ አውራ በግ ግን ከ25 እስከ 30 እናት በጎችን ሊያጠቃ ስለሚችል በአንድ ዙር የሚወለዱት ግልገሎች ሁሉ የእሱን ዘር ይይዛሉ። ቀጫጫው አውራ ሲቀር ቅጥነቱ በግልገሎቹ ሁሉ ይዳረሳል፤ ፈጣኑ ሲቀርም እንዲሁ። በመንጋው ውስጥ ከሁሉም በላይ ዋጋ ያለው ምርጫ የአውራው ምርጫ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስድስት ወይም ሰባት እናት በጎች ያሉት ቤተሰብ ለራሱ ብቻ አንድ አውራ መቀለብ አያዋጣው ይሆናል። አራት ጎረቤቶች ግን በድምሩ ከ24 እስከ 28 እናት በጎች ይኖሯቸዋል፤ ይህ ለአንድ ጥሩ አውራ በቂ ነው። ወጪው ለአራት ሲካፈል ይቀላል፤ የሚወለዱት ግልገሎች ጥቅም ግን ለየቤቱ ነው።

የመሐል ሜዳና የሞላሌ ልምድ

ይህን አሠራር በተግባር ያዋሉ አርሶ አደሮች በሀገራችን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ላይ ተሠርቷል። በመንዝ ሥራው የተጀመረው በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ ሲሆን የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ አርሶ አደሮችን ደግፏል።

አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። የአባላቱ በጎች የጆሮ መለያ ቁጥር ይደረግላቸዋል። ግልገል ሲወለድ ቀኑና እናቱ ይመዘገባሉ፣ ክብደቱም በየደረጃው ይለካል። ጠቦቶቹ ለገበያ መውጣት በሚጀምሩበት በስድስት ወር አካባቢ የመጀመሪያው ልየታ ይካሄዳል፤ ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ የመጨረሻው ምርጫ ይሆናል። የመጨረሻው ዳኝነት ለባለሙያው መዝገብ ብቻ የተተወ አይደለም። አርሶ አደሮቹ የመረጧቸው ኮሚቴዎች ጠቦቶቹን ቆመው ያያሉ፤ ቁመናውን፣ መልኩን፣ ቀንዱንና ላቱን ይመዝናሉ።

የተመረጠው ጠቦት ባለቤት ገንዘብ እንዳይጎድልበት የተገኘው መፍትሔ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ነው። ቡድኑ ወይም ማኅበሩ ጠቦቱን በገበያ ዋጋ ይገዛዋል። ባለቤቱ የበዓሉን ገንዘብ ያገኛል፣ ጠቦቱ ግን ከመንደር አይወጣም፤ በጋራ አውራ ሆኖ ያገለግላል። ሁለት ዓመት ያህል ካጠቃ በኋላ የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃ ወደ ሌላ ቡድን ይዛወራል ወይም ተኮላሽቶ ይደልባል። ሙክት ሆኖ ሲሸጥ የሚያወጣው ዋጋ ወደ ተዘዋዋሪው ገንዘብ ተመልሶ ቀጣዩን አውራ ይገዛል። ከተሜው ሙክቱን አላጣም፤ ጥቂት ዘግይቶ ደልቦ ደረሰው እንጂ።

የዚህ ሥራ ጥንካሬ በራሱ በአካባቢው በግ ላይ መመሥረቱ ነው። ከዚያ በፊት አዋሲን የመሳሰሉ የውጭ ዝርያዎችን ከአካባቢው በጎች ጋር ማዳቀል ለረጅም ጊዜ ተሞክሯል። ድቅሎቹ በአካል ቢተልቁም የተሻለ መኖና ክትትል ይፈልጋሉ። አርሶ አደሩ ካለው መኖ ጋር የሚስማማው የራሱን በግ መርጦ ማሻሻሉ ነው።

ከጽሕፈት ቤቶች የሚጠበቀው

የጋራ ግጦሽ ባለበት ቀበሌ አንድ ቤት ብቻውን ቢመርጥ አይሳካለትም። የጎረቤት ያልተመረጠ ጠቦት በግጦሽ ላይ ቀድሞ ያጠቃልና። ስለዚህ ያልተመረጡ ጠቦቶች ለጥቃት ከመድረሳቸው በፊት እንዲሸጡ ወይም በባለሙያ እንዲኮላሹ የመንደሩ ስምምነት ያስፈልጋል። በጋራ ሕግ መተዳደር ለመንዝ እንግዳ ነገር አይደለም። የጓሳን ሣር ቀሮ በተባለው ሥርዓት ከልለውና ጊዜ ወስነው ሲጠቀሙበት የኖሩ አባቶች ለግጦሽ ያወጡትን ደንብ ልጆቻቸው ለአውራ በግ ሊያወጡት ይችላሉ።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ድርሻም ግልጽ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሚዛን፣ መዝገብና በየጊዜው የሚመጣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው ተዘዋዋሪውን ገንዘብ የሚይዝ ሕጋዊ ማኅበር ነው፤ ገንዘቡም ከፋሲካ ገበያ በኋላ ሳይሆን በፊት መድረስ አለበት። ሦስተኛው ጤና ነው። አንድ አውራ ለብዙ ቤት ሲያገለግል በሽታም ይዞ ሊዞር ስለሚችል ከመዛወሩ በፊት መመርመርና መከተብ ይኖርበታል። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታን እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከዓለም ለማጥፋት ዘመቻ እየተካሄደ ነው፤ ክትባቱ አንዴ በአግባቡ ከተሰጠ ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይከላከላል። ክትባቱ ካልደረሰ ግን የተመረጠውም ያልተመረጠውም አብሮ ይሞታል።

አርሶ አደሩ ደግሞ የማንንም በጀት ሳይጠብቅ ዛሬ የሚጀምረው ነገር አለው። በመስከረምና በጥቅምት የተወለዱትን ጠቦቶች ጎን ለጎን አቁሞ ማየት፣ በአንድ ጊዜ ከተወለዱት ውስጥ ፈጥኖ ያደገው የትኛው እንደሆነ መለየት፣ እናቱም ደህና የምታጠባ መሆኗን ማስታወስ፣ ከዚያም ከሦስትና ከአራት ጎረቤት ጋር ተነጋግሮ አንዱን ማስቀረት። የቀሩት ይሸጡ፤ ፋሲካም ይከበርባቸው። ይህ ንግግር መደረግ ያለበት ግን ነጋዴው በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ነው። ብር ከተቆጠረና ገመዱ ከእጅ ከወጣ በኋላ ያ ጠቦት ከነዘሩ ወደ ከተማ ሄዷል።