የሌሊቱ 9 ሰዓት ድንበር

እናቴ ታማ በተኛችበት ሰሞን ሌሊት እየተነሣሁ ትኩሳቷን የምለካው እኔ ነበርኩ። የለካሁትን በስልኬ የማስታወሻ አፕ ላይ እጽፋለሁ፤ ሲነጋ ደግሞ በኮምፒውተር ከፍቼ ለሐኪሟ አስተካክለዋለሁ። አፑ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ ይከፍታል። ስልኩና ኮምፒውተሩ በኢንተርኔት ስለሚናበቡ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ይገኛል።

ነገሩን ያስነሣው የሐኪሟ ጥያቄ ነው። «ትኩሳቱ ከ38 ያለፈው መድኃኒቱን ሳትጀምር ነው ወይስ ከጀመረች በኋላ?» አለኝ። መድኃኒቱን የጀመረችው ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2025 እኩለ ቀን ላይ ነው። «ሌሊት 7፡20፣ 38.6፣ ፓራሲታሞል ወሰደች» የሚለው መስመር የተቀመጠው በዚያው በፌብሩዋሪ 10 ገጽ ላይ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ፣ ገጹን የሚያነብ ሰው ትኩሳቱ ከመድኃኒቱ በፊት የመጣ ይመስለዋል። እኔ ግን ለማክሰኞ አጥቢያ መሆኑን አልረሳሁትም። ደግሞም ከዚያች መስመር ጥቂት ደቂቃ በኋላ በኮምፒውተሩ የጻፍኩት «7፡45፣ አልቧታል» የሚለው ፌብሩዋሪ 11 ላይ ነው የሚገኘው። አንድ ሌሊት፣ አንድ በሽተኛ፣ ሁለት ገጽ።

ለሐኪሙ ቅደም ተከተሉን በቃል አስረድቼ ወጣሁ። ቤት ስገባ ግን ማስታወሻዎቹን ወደ ኋላ ማገላበጥ ጀመርኩ፤ የእናቴ ጤና የተመዘገበበት መዝገብ እንዲህ የሚያሳስት ከሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

መጀመሪያ የመጣልኝ ግምት ደስ የሚል ነበር። በእኛ ቤት ሌሊት ከቀደመው ቀን ጋር ይቆጠራል፤ አዲሱ ቀን የሚጀምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ስልኬን በአማርኛ ነው የምጠቀመው። ምናልባት አፑ ይህን አውቆ ሌሊቱን ለሰኞ ሰጥቶት ይሆን? እንዲያ ከሆነ፣ እስከ ንጋት የጻፍኩት በሙሉ ትናንት ላይ መገኘት አለበት።

አልተገኘም። ከሌሊቱ 8፡50 ላይ በስልክ የጻፍኩት ትናንት ላይ ነው፤ 9፡10 ላይ የጻፍኩት ግን ዛሬ ላይ። ሌሎቹንም ሌሊቶች አየሁ፤ ድንበሩ ሁልጊዜ 9 ሰዓት ነው። ቀኑን ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚጀምር ሕዝብ አላውቅም፤ እኛ ከንጋት እንጀምራለን፣ ፈረንጆቹ ከሌሊቱ 6 ሰዓት።

ከ6 እስከ 9 ሦስት ሰዓት ነው። አዲስ አበባም ከግሪኒች የምትቀድመው በሦስት ሰዓት ነው። ግሪኒች ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ 9 ሰዓት ይሆናል። ስልኬ ቀኑን የሚቆጥረው እንግሊዝ አገር ሆኖ ነው ማለት ነው።

ግምቱ እውነት ከሆነ ሌላ አገር ላይም መያዝ አለበት። ያንኑ አፕ የምትጠቀም እህቴ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ደወልኩላት። ነገሩን ሳልጨርስላት «አንቺንስ ትናንት ነው የሚልሽ፤ እኔንማ ማታ የጻፍኩትን ነገ እያለ ነው ያስቸገረኝ!» አለች። ስንት ሰዓት ላይ እንደሚዞርባት ጠየቅኳት። ከምሽቱ 1 ሰዓት። በዚያ ወቅት ዋሽንግተን ከግሪኒች አምስት ሰዓት ወደ ኋላ ነች፤ ልክ ነው።

አንድ ፈተና ቀረ። በዚያ ዓመት ማርች 9 አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ሊያደርጉ ነበር፤ እኛ አንነካውም። ስለዚህ የእህቴ ድንበር ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት መሄድ፣ የእኔ ደግሞ 9 ላይ መቅረት ነበረበት። ሁለቱም እንዲያው ሆነ። ያን ዕለት የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልችልም።

የአፑ ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ ፕሮግራመር የሆነ የአክስቴ ልጅ ከፍቶ አሳየኝ። የኮምፒውተሩ ክፍል ቀኑን የሚጠይቀው ከአገሩ ሰዓት ነው። የስልኩ ክፍል ግን ጊዜውን በዓለም አቀፉ፣ ማለትም በግሪኒች፣ ሰዓት በጽሑፍ ያስቀምጠውና የመጀመሪያዎቹን 10 ፊደላት ቆርጦ «ቀን» ይላቸዋል። አንድ መስመር ናት። ሎንደን ተቀምጦ በዲሴምበር ወይም በጃንዋሪ ለሚሞክራት ሰው ፈጽሞ ስህተት አይታይባትም፤ የአገሩ ሰዓትና የግሪኒች ሰዓት በእነዚያ ወራት አንድ ነውና።

ሥሩ ግን ከዚያች መስመር ይጠልቃል። አፑ የተጻፈበት ጃቫስክሪፕት በ1995 ብሬንደን አይክ በ10 ቀን ያዘጋጀው ቋንቋ ነው። የቀን አያያዙ የተቀዳው ጃቫ ከሚባል ሌላ ቋንቋ ሲሆን፣ ጃቫ ራሱ በ1997 አብዛኛውን ክፍል እንዳትጠቀሙበት ብሎታል። በዚህ አያያዝ ቀን የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ወዲህ ያለፉ ሚሊሰከንዶች ቁጥር ብቻ ነው። ያ ቁጥር አንዲት ቅጽበት ነው። ማክሰኞ ግን ቅጽበት አይደለም፤ አዲስ አበባ ማክሰኞ ከገባ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ ገና ሰኞ ማታ ነው፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ቁጥሩን ወደ ቀን ለመመለስ የየት አገር ቀን እንደሆነ መንገር ያስፈልጋል። በስልኩ ኮድ ውስጥ ይህን የነገረው ሰው አልነበረም።

ለሠሪዎቹ የሁለታችንን ሰዓቶች አያይዤ ጻፍኩላቸው፤ ስልኩም የአገሩን ሰዓት እንዲጠይቅ አደረጉ። የድሮዎቹን ገጾች ግን አፑ አይነካቸውም፤ ሊነካቸውም አይገባም። የእናቴ መስመሮች ሰዓት ስላላቸው በስልክ ከ6 እስከ 9 የተጻፉትን እየለየሁ ወደ ቀናቸው መለስኳቸው። እህቴ ሰዓት አትጽፍም ነበር፤ የእርሷዎቹ ባሉበት ቀርተዋል።

አሁን ለጃቫስክሪፕት ቴምፖራል የሚባል አዲስ የቀን አያያዝ እየገባለት ነው፤ ፋየርፎክስ የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ በ2025 ተቀብሎታል። ሰዓትም የአገር ሰዓትም ያልተጣበቀበት፣ ቀን ብቻ የሆነ ቀን አለው። የኢትዮጵያንም ዘመን አቆጣጠር እስከ ጳጉሜን ያውቃል። አፑ ወደዚህ እንዲዞር ሠሪዎቹን ጠይቄያለሁ፤ እህቴም በስሟ ጽፋላቸዋለች።