የአያቱን የስኳር ክኒን ለልጁ ልስጠው?

ሰሞኑን አንዲት እናት ከስማዳ ደወሉልኝ። የስምንት ዓመት ልጃቸው እግሩ እየሰነፈ ሄዷል። «ወንድሜ፣ የስኳር መድኃኒት ጡንቻ ያድናል ሲሉ ሰማሁ። የአያቱ ሜትፎርሚን ቤት አለ፤ ግማሹን እየሰበርሁ ልስጠው?» አሉኝ። የመለስሁላቸውን እዚህም ልጻፈው፤ ጋይንትም እስቴም እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ አትጠፉም።

መጀመሪያ ልጁ ከመሬት እንዴት እንደሚነሣ ጠየቅኋቸው። «በእጁም በጉልበቱም ይንበረከክና ጉልበቱን ይይዛል፤ ቀጥሎ ጭኑን። የራሱን እግር እንደ ዛፍ እየወጣ ነው የሚቆመው።» ባቱስ? «ባቱማ ወፍራም ነው። ሰውም ሰነፈ እንጂ አልታመመም ይለኛል።»

ሁለቱም ዱሼን የሚባለውን የጡንቻ በሽታ የሚያስጠረጥሩ ምልክቶች ናቸው። ባቱ እያደር የሚወፍረው በአብዛኛው በሞተው ጡንቻ ቦታ ስብና ጠባሳ ስለሚሞላ ነው። በበሽታው ዲስትሮፊን የሚባል ፕሮቲን ይጠፋል። ማገር የሌለው የጭቃ ግድግዳ እንደሚሰነጠቅ ሁሉ፣ ይህ ፕሮቲን የሌለው ጡንቻም ልጁ በሮጠ ቁጥር ይጎዳል። ጉድለቱ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ የሚታመሙት ከሞላ ጎደል ወንዶች ናቸው። እርግማን አይደለም፤ የእናትም ጥፋት አይደለም።

ሜትፎርሚን ምን አገባው? ሴል ኃይል ሲያጥረው የሚነቃ ሥርዓት አለ፤ መድኃኒቱ ያንን ይቀሰቅሳል። ሥርዓቱ ሲነቃ በታመሙ አይጦች ጡንቻ ውስጥ የዲስትሮፊን ወንድም የሆነው ዩትሮፊን በዝቶ ታይቷል። ስዊዘርላንድ ባዝል ውስጥ ይህ በሽታ ያለባቸው 47 ልጆች ለ26 ሳምንታት በጥናት ተካፈሉ፤ ከፊሎቹ ሜትፎርሚንን ሲትሩሊን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር፣ የቀሩት የማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጣ። በጠቅላላው ሲታይ አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም፤ ከመነሻው ጉልበታቸው ደህና የነበሩት ግን ድካማቸው ትንሽ የዘገየ ይመስላል። ይህ ገና ተስፋ ነው። እኔም ከልቤ እጠብቀዋለሁ፤ ርካሽና በየጤና ጣቢያው ያለ ክኒን ቢሆንልን ማን ይጠላል?

ነገር ግን አሁን በቤት አይሰጥም። ሜትፎርሚን ከመጀመሩ በፊት ኩላሊት ይመረመራል፤ የተለመደው ምርመራ ደግሞ የሚለካው ክሬአቲኒንን ነው። ክሬአቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ስለሆነ፣ ጡንቻው የሳሳ ልጅ ኩላሊቱ ቢታመም እንኳ ቁጥሩ ደህና መስሎ ይታያል። ክኒናቸው የጎደለባቸው አያትም ስኳራቸው ይወጣል።

ዛሬ የታወቀ እርዳታ ግን አለ። ፕሬድኒሶሎን በሐኪም ክትትል ሲሰጥ ልጁ በእግሩ የሚሄድበትን ዘመን ያራዝማል፤ በራስ ፈቃድ ድንገት ማቆም ግን አደገኛ ነው። ቁርጭምጭሚቱን በየቀኑ ቀስ አድርጎ መሳብ፣ ልቡንም ማስመርመር ያስፈልጋል። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ውሰዱት፤ ሲኬ የሚባለውን የደም ምርመራ ጠይቁ። ካስፈለገ ጎንደር ይልኳችኋል።

እኒህ እናት ሰኞ ጠዋት ከወገዳ መኪና እንደሚይዙ ነግረውኛል። ልጁ ከመሬት ሲነሣ በስልክ ይቅረጹት አልኋቸው፤ ሐኪም ፊት አፍሮ አልነሣም ቢል ቪዲዮው ያሳያል።