ሊብሬ የሌለው ትሪያምፍ፦ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት

የሞተሬን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ልካችሁልኛል፦ «ወረቀት የሌለው የእንግሊዝ አሮጌ ሞተር በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። የምኖረው ዳላስ አካባቢ ስለሆነ የምነግራችሁ የቴክሳስን አሠራር ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የራሳችሁን አጣሩ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መልሴ ይህ ነው፦ ቁጥሩ ንጹሕ ከሆነ ግዙት፤ ግን መጀመሪያ ወረቀቱ ይለቅ፣ ሞተሩ ቀጥሎ ይፈታ። ብዙ ሰው የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ሞተሩን በታትኖ፣ ቀለም አስቀብቶ፣ ክሮም አስነክሮ፣ ስንት ሺህ ዶላር ካፈሰሰበት በኋላ ነው ወደ ካውንቲው ቢሮ የሚሄደው። ያን ጊዜ ሞተሩ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የፈሰሰው ገንዘብና ድካምም አብሮት ይሄዳል።

የእኔ ሞተር ትሪያምፍ ቦንቪል ቲ120አር ነው፤ የ1970 ሞዴል፣ 649 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት ካርቡራቶር። እንግሊዝ አገር ውስጥ በኮቨንትሪና በበርሚንግሃም መካከል ባለችው በሜሪደን የተገጣጠሙት ቦንቪሎች እጅግ ብዙዎቹ ውቅያኖስ ተሻግረው የመጡት ወደዚህ ወደ አሜሪካ ነው። ስሙም ቢሆን ከዚሁ አገር የተወሰደ ነው። በ1956 ጆኒ አለን የተባለ የቴክሳስ ሰው ዩታ ውስጥ በሚገኘው የቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ በትሪያምፍ 650 ሞተር በሰዓት ከ214 ማይል በላይ ነዳ። የነዳውን የሲጋራ ቅርጽ ያለው ተሽከርካሪ የሠሩት ከእኛ ሠፈር ብዙም በማይርቀው በፎርት ዎርዝ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን ክብረ ወሰኑን አላጸደቀውም፤ ትሪያምፍ ግን ለ1959 ያወጣውን አዲስ ሞዴል በሜዳው ስም ጠራው። እዚህ አገር እንግዳ ሆኜ መጥቼ የምጠግነው ሞተር ከከተማዬ ጋር እንዲህ የተሳሰረ መሆኑን ሳውቅ ሥራውን ይበልጥ ወደድኩት።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው። ዛሬ የምናውቀው 17 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር መደበኛ የሆነው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ፋብሪካዎች በየራሳቸው መንገድ አጫጭር ቁጥር ይመቱ ስለነበር ኢንተርኔት ላይ ያሉት የስርቆት መፈለጊያዎች የእነዚህን ሞተሮች ቁጥር አይቀበሉም። በትሪያምፍ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ያለው በግራ በኩል፣ መሪው በሚዞርበት አንገት ላይ ነው። የሞተር ቁጥሩ ደግሞ እንደዚሁ በግራ በኩል ከሲሊንደሩ ግርጌ ተመትቷል። ከፋብሪካ ሲወጡ ሁለቱ አንድ ናቸው። የ650ው ሞተርና ማርሽ ሳጥን በአንድ አካል መሠራት ከጀመሩበት ከ1963 ሞዴል አንስቶ ቁጥሩ «ዲዩ» በሚሉ ፊደላት ይጀምር ነበር። በ1969 ሞዴል ላይ አሠራሩ ተለወጠና የመጀመሪያው ፊደል ወርን፣ ሁለተኛው የሞዴል ዓመትን መናገር ጀመረ። የእኔ «ኬዲ» ይላል፤ «ኬ» ሴፕቴምበር፣ «ዲ» የ1970 ሞዴል ማለት ነው። የፋብሪካው የሞዴል ዓመት ኦገስት ላይ ይጀምር ስለነበር ሞተሩ በእርግጥ የተሠራው በሴፕቴምበር 1969 ነው። የድሮ ሊብሬ ላይ የተጻፈው ዓመት ከዚህ ጋር ባይገጥም ወዲያው አትደንግጡ። አንዳንዴ የተጻፈው የተሸጠበት ዓመት ነው።

የሞተር ቁጥሩን ስታዩ ከቁጥሩ ሥር ያለውን ብረት በባትሪ መብራት መርምሩት። በዚያው ዘመን ፋብሪካው ቁጥሩ የሚያርፍበትን ቦታ በትንንሽ የትሪያምፍ ምልክቶች ማስጌጥ ጀምሮ ነበር፤ ዓላማው ሞርዶ ያረፈበት እንዲታወቅ ነው። ምልክቶቹ ከተፋቁ፣ አኃዞቹ ጠማማ ከሆኑ፣ ወይም ሻንሲውና ሞተሩ ካልገጠሙ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አድርጉ። አለመግጠም ሁልጊዜ ስርቆት አይደለም፤ ሞተር ሲቃጠል ሌላ መቀየር የተለመደ ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን በርካታ ስቴቶች ሞተር ሳይክልን የሚመዘግቡት በሞተር ቁጥሩ ስለነበር፣ ሞተሩ ከተቀየረ የድሮው መዝገብ የሚያመለክተው ሌላ ብረት ይሆናል። ቁጥር ፍቆ እንዲገጥም አድርጎ መምታት ደግሞ ወንጀል ነው። እንዲህ ያለውን «እርዳታ» የሚያቀርብላችሁ ሰው ቢመጣ ራቁት።

ፋብሪካውን ልትጠይቁ አትችሉም፤ ሜሪደን በ1983 ተዘግቷል፣ ዛሬ ትሪያምፍ የሚሠራው ኩባንያ ከዚያ በኋላ በሂንክሊ የተቋቋመ ነው። ደግነቱ የሜሪደን የመላኪያ መዛግብት አልጠፉም። በእንግሊዝ አገር በ1946 የተመሠረተው ቪንቴጅ ሞተር ሳይክል ክለብ ይዟቸዋል፤ ቁጥሩን ልካችሁ የሚጠይቀውን ክፍያ ከከፈላችሁ ሞተሩ መቼ እንደተሠራ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጽፍላችኋል። ደብዳቤው የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። ነገር ግን ቢሮ ውስጥ «ይህ አጭር ቁጥር ምንድን ነው?» ለሚላችሁ ሠራተኛ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

አሁን ወደ ሊብሬው። በቴክሳስ መጀመሪያ የሚፈለገው በመጨረሻው ሊብሬ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። ሰውየው በሕይወት ካለ ወረቀቱ ቢጠፋበትም ከሞተር ተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት ምትክ ቅጂ አውጥቶ ሊፈርምላችሁ ይችላል፤ ከሁሉ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ሰውየው ከሞተና የውርስ ክርክር ከሌለ፣ ወራሾቹ ለዚሁ በተዘጋጀ የወራሽነት ቃለ መሐላ ቅጽ ላይ ፈርመው ያስተላልፉላችኋል። እባካችሁ እነዚህን ሁለት በሮች ሳታንኳኩ አትለፉ። የሟቹ ልጅ በሩን ከፍቶ የአባቱን ሞተር ሲያይ የሚነግራችሁ ታሪክ ብቻውን ለድካሙ ይበቃል።

የእኔው ሞተር የባለቤቶች ሰንሰለት ግን ተበጥሶ ነበር። የሸጡልኝ አዛውንት ራሳቸው ከብዙ ዓመት በፊት ያለ ሊብሬ ገዝተው ጋራዥ ውስጥ ያስቀመጡት ነው። ስለዚህ የቀረኝ በዋስትና የሚሰጥ ሊብሬ ነበር። የሽያጭ ውሉን፣ መታወቂያችሁንና የተሞላውን ቅጽ ከ15 ዶላር ጋር ለመሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፍ ታቀርባላችሁ። ቁጥሩ በስርቆት የተመዘገበ አለመሆኑ ይጣራል። ከፈቀዱላችሁ የዋስትናውን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ይደርሳችኋል፤ መጠኑ የሞተሩ ዋጋ አንድ ጊዜ ተኩል ነው። 6,000 ዶላር የሚያወጣ ሞተር 9,000 ዶላር ዋስትና ይጠየቅበታል ማለት ነው። ይህን ሙሉ ገንዘብ አትከፍሉም፤ ለዋስትና ድርጅቱ የምትከፍሉት ከዚያ ላይ ጥቂቱን ነው። ዋስትናው ከወጣ በ30 ቀን ውስጥ ወደ ካውንቲው የግብር ቢሮ ሄዳችሁ ታመለክታላችሁ።

ዋስትናው ለ3 ዓመት ይጸናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ «ሞተሩ የእኔ ነው» የሚል ሰው በማስረጃ ቢመጣ ድርጅቱ ይክሰዋል፤ ከዚያ ድርጅቱ የከፈለውን ከእናንተ ይጠይቃል። አንዳንዱ ይህን እንደ ቢሮክራሲ ጣጣ ያየዋል። እኔ ፍትሐዊ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ሞተሩ የተሰረቀበት ሰው ከ50 ዓመት በኋላም ቢሆን የሚናገርበት በር ሊኖረው ይገባል።

«ቨርሞንት በፖስታ ያወጣልሃል» የሚል ምክር ዛሬም ይዞራል። ያ ስቴት ከ15 ዓመት በላይ የሆነን ተሽከርካሪ ያለ ሊብሬ ለሌላ ስቴት ነዋሪ ጭምር ይመዘግብ ነበር፤ በ2023 ግን ደንቡን አጥብቆታል። በእሱ ተማምናችሁ እንዳትገዙ።

ወረቀቱ እጃችሁ ከገባ መፍቻውን አንሱ። ሻንሲውን አሸዋ ለሚነፋው ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ቁጥሩን በወፍራም ፕላስተር ሸፍኑት፤ አሸዋው ቁጥሩን ይበላዋል፣ ወፍራም ቀለምም ይደፍነዋል። ሦስት ዓይነት የብሎን ጥርስ ይጠብቃችኋል፦ ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 ያወጣው፣ በኢንች 26 ጥርስ ያለው የብስክሌት ጥርስ፣ እና በ1960ዎቹ መጨረሻ የገባው ዩኤንኤፍ። የሚሊሜትር መፍቻ የብሎኑን ራስ ይልጠዋል፤ ዊትዎርዝ መፍቻ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ የብሎኑን ውፍረት እንጂ የራሱን ስፋት አይነግርም። ኤሌክትሪኩ ላይ ማሳ የሚሆነው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፤ እንደ ዛሬ መኪና ኔጌቲቩን ሻንሲው ላይ ካሰራችሁ ሬክቲፋየሩና ዜነር ዳዮዱ ይቃጠላሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ክራንክሻፍቱ ውስጥ ያለውን የዝቃጭ ቱቦ ሳታጸዱ ሞተሩን አታስነሱ። ይህ ሞተር ከፋብሪካው የሽቦ ወንፊት እንጂ የወረቀት ፊልትሮ የለውም። ዘይቱ በቱቦው ሲያልፍ ቆሻሻው በሽክርክሪቱ ጉልበት ወደ ዳር ይወረወርና እንደ ሸክላ ይጋገራል። ቱቦው ሲሞላ ዘይት ወደ ቢዬላው መያዣ መድረሱ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መካኒክ ሁሉ ያውቃል። እዚያ ለመድረስ ሞተሩ እስከ መጨረሻው መከፈል አለበት፤ ቱቦውን ሰንጎ የያዘው የፍላይዊል ቦልትም መጀመሪያ መውጣት አለበት። ሻጭ «ሙሉ በሙሉ ታድሷል» ሲላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ ቱቦው ተጸድቷል? ፎቶ አለ?

ጋራዣችሁ ውስጥ ወይም የጎረቤታችሁ ጓሮ እንዲህ ያለ ሞተር ካለ ዛሬውኑ የሁለቱን ቁጥሮች ጥርት ያለ ፎቶ አንሱ፤ ባለቤቱ በሕይወት እያሉ ፊርማቸውን ተቀበሉ። ቁጥሩን ማንበብ ያቃታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ የምችለውን አነብላችኋለሁ።